የሰሜን ኮሪያ ምግብ ቤት ገብቼ አባቴ አኮረፈኝ

ደብዳቤው

ውድ እትዬ፣

ቻይና፣ ሼንያንግ ከተማ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር ፕሮፌሰራችን የላብ ልጆችን በሙሉ እራት ጋበዘን። የወሰደን ሺታ የሚባለው የኮሪያውያን ሰፈር ውስጥ ያለ የሰሜን ኮሪያ ምግብ ቤት ነው። አስተናጋጆቹ በሙሉ ከፒዮንግያንግ የመጡ ሴቶች ናቸው። ምግቡን አቅርበው ሲጨርሱ እነዚያው ልጆች መድረክ ላይ ወጥተው ይዘፍናሉ፣ አኮርዲዮን ይጫወታሉ። ቪዲዮ ማንሳት ክልክል ነው ተብሎ ነበር። እኔ ግን ስልኬን የሻይ ማንቆርቆሪያው ላይ አስደግፌ ቀረጽኩ። ማታ ዶርም ስገባ በቪፒኤን ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩት። ብዙ ሰው አየው።

አንዷ አስተናጋጅ ከየት እንደመጣሁ በቻይንኛ ጠየቀችኝ። «ኢትዮጵያ» ስላት ሹሩባዬን እያየች ሳቀችና «ያምራል» አለችኝ። በዕድሜ ከእኔ አትበልጥም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ አለች። ተመልሼ ሄጄ አንድ ስጦታ ልሰጣት፣ ካልሆነም የዊቻት አድራሻዬን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ላቀብላት አስቤያለሁ።

ሌላ ጣጣ ግን መጣብኝ። አያቴ በኮሪያ ጦርነት ከደቡቡ ጎን የተዋጋው የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። አባቴ ቪዲዮውን ከአክስቴ ስልክ ላይ አይቶ «በአባቴ ደም ላይ ትጨፍሪያለሽ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። ይኸው እስካሁን ስልኬን አያነሳም። የዶርም ጎረቤቴ ደቡብ ኮሪያዊት ናት። እሷም የት እንደነበርኩ ስነግራት ዝም አለች፤ ሰላምታዋም ቀዘቀዘ። አሁን ደግሞ ፕሮፌሰሩ ለምርቃታችን እዚያው ቤት ሊጋብዘን ነው አሉ። አንድ ሳህን ኑድል ስለበላሁ ይህ ሁሉ ይገባኛል? ጥፋቴስ የቱ ነው?

የዘማቹ የልጅ ልጅ፣ ከሼንያንግ

መልስ

የኔ እህት፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ቪዲዮውን አጥፊው። ከቲክቶክ ብቻ አይደለም። ለማን ለማን እንደላክሽው አስታውሺና እነሱንም «አጥፉልኝ» በያቸው። አክስትሽንም ጭምር። ሌላውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

አጠፋሽው? እሺ።

እንዲህ ያጣደፍኩሽ ያለ ነገር አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ የተቀየሙሽ ሰዎች አሉ። አባትሽ ይታረቁሻል፣ ጎረቤትሽም ትታረቅሻለች፤ ፕሮፌሰሩ ጭራሽ ነገሩን አያውቀውም። ቪዲዮው ውስጥ ፊቷ የሚታየው ልጅ ግን አንቺ «ይቅርታ» ብለሽ የማታስተካክዪው ነገር ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ጥፋትሽ የቱ እንደሆነ ጠይቀሽኝ የለ? ይሄ ነው። ኑድሉ አይደለም።

እነዚህ ልጆች እንደ ሌላው ስደተኛ ሥራ ፍለጋ ብለው በራሳቸው የወጡ አይደሉም። መርጦ የሚልካቸው መንግሥታቸው ነው። ብዙዎቹ የፒዮንግያንግ ልጆች ናቸው፤ ቤተሰባቸው ታማኝ ተብሎ የተመዘገበ፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ የተማሩ። አገር ቤት የቅርብ ዘመድ የሌላት ልጅ አትላክም። ዘመዱ መያዣ ነው። ውሉ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ፓስፖርታቸው ኃላፊያቸው ጋ ይቀመጣል። የሚያድሩት አብረው ነው። ገበያ እንኳ ቢወጡ በቡድን እንጂ ብቻቸውን አይወጡም። ከሚያገኙት ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው መንግሥት ነው።

«ፓስፖርቷ አሠሪዋ ጋ ነው» የሚለውን ነገር ለሀበሻ ማብራራት አያስፈልግም። ቤይሩት ወይ ኩዌት ወይ ሪያድ የሠራች እህት፣ አክስት፣ ጎረቤት የሌለው ሰው ከመካከላችን ስንት ነው? የእኛዋ ልጅ ሲብስባት ቢያንስ ኤምባሲ በር ላይ ሄዳ ትቀመጣለች፤ ቢሰሟትም ባይሰሟትም። የዚያች ልጅ ኤምባሲ ግን የአሠሪዋ ቤት ነው። ሮጣ የምትገባበት የላትም።

ሌላም ለእኛ አዲስ ያልሆነ ነገር አላቸው። ግምገማ። ሰሜን ኮሪያዊ የሆነ ሁሉ፣ አገሩ ውስጥም ይሁን ውጭ፣ በየሳምንቱ ተሰብስቦ ሂስና ግለሂስ ያደርጋል። መጀመሪያ ራሱ ያጠፋውን ይናገራል፣ ቀጥሎ ጓደኛውን ይሄሳል። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ላያስታውስሽ ይችላል። አባትሽን ብትጠይቂያቸው ግን በቀበሌም በመሥሪያ ቤትም ግምገማ መቀመጥ ምን እንደሆነ ይነግሩሻል። እስቲ አሁን ያቺን ልጅ እዚያ ስብሰባ ላይ አስቀምጫት። «ሹሩባ የተሠራችው የውጭ አገር ልጅ ምን አለችሽ? ምን አሳቀሽ? ስልኳን ደግና ስትቀርጽሽ የት ነበርሽ?» ምን ብላ ትመልሳለች?

ፍርሃቱ ምክንያት አለው። (ወርና ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ኤፕሪል 2016 ኒንግቦ ከተባለች የቻይና ከተማ፣ ልክ አንቺ የሄድሽበትን ከመሰለ ምግብ ቤት፣ 12 አስተናጋጆችና ኃላፊያቸው በአንድ ጊዜ ጠፍተው ሴኡል ገቡ። ደቡብ ኮሪያ «በፈቃዳቸው ነው የመጡት» አለች። ሰሜን ኮሪያ «ታፍነው ነው» አለች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው ኃላፊ ብቅ አለና «የደቡብ ኮሪያ ስለላ ድርጅት አስገድዶኝ ነው፤ ልጆቹ ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም ነበር» ብሎ ተናገረ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ልዩ ራፖርተርም በ2018 ከልጆቹ የተወሰኑትን አነጋግሮ፣ መድረሻቸውን ሳያውቁ የመጡ መኖራቸውን ገለጸ። ማን እውነቱን እንደተናገረ ዛሬም ይከራከሩበታል። ልጆቹ ግን እዚያው ቀሩ፤ ወላጆቻቸው ደግሞ ሰሜን ኮሪያ ናቸው።

ከዚህ ታሪክ በኋላ የውጭ አገር ሰው አድራሻ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት አንዷ አስተናጋጅ ኪስ ውስጥ ቢገኝ ምን እንደሚባል አስቢ። ለአንቺ ወዳጅነት ነው። ወረቀቱን ለሚያገኘው ሰው ግን ማስረጃ ነው። አትስጫት።

ስጦታውም ይቅር። አንድ ሊፕስቲክ ወይ አንድ ሻሽ ብትሰጫት «ለምን ለእሷ ብቻ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለ አገሯም፣ ስለ መሪያቸውም እንዳትጠይቂያት። አንዳንድ ቱሪስት እነዚህ ቤቶች ውስጥ ገብቶ «ኪም ጆንግ ኡንን ትወጂዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ ጀብዱ ይመስለዋል። እሱ ሂሳቡን ከፍሎ ይወጣል፣ ወሬውንም ለጓደኞቹ ያወራበታል። እሷ እዚያው ናት። ለማይረባ ሳቅ ብሎ ሰውን እንዲህ ያለ ጥግ ውስጥ ማስገባት ያናድደኛል፤ እንግዲህ ተናደድኩ።

ሹሩባሽን አይታ ሳቀች፣ አንቺም ሳቅሽላት። በቃ። ምን ይጎድለዋል?

አሁን ወደ መብላቱ እንምጣ።

እዚያ ቤት መብላት ወንጀል ነው ወይ ብለሽ ሰግተሽ ከሆነ፣ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀቦች የሚናገሩት ስለ ድርጅቶችና ስለ ሠራተኞች ነው፤ ኑድል ስለበላች ተማሪ አይደለም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሴፕቴምበር 2017 የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 2375ን አወጣ። ከሰሜን ኮሪያ ጋር በሽርክና የሚሠሩ ድርጅቶች እንዲዘጉ የሚያዝ ነው። ቻይናም በ120 ቀን ውስጥ ዝጉ አለች። ዲሴምበር ላይ ውሳኔ 2397 ተከተለ፤ ውጭ አገር ገቢ የሚያገኙ ሰሜን ኮሪያውያን በሙሉ በ24 ወር ውስጥ ወደ አገራቸው ይመለሱ የሚል። ቀነ ገደቡ ዲሴምበር 22 ቀን 2019 ነበር። አንቺ ያለሽበት ከተማ ውስጥ የነበረው ቺልቦሳን የተባለ የሰሜን ኮሪያ ሆቴል በጃንዋሪ 2018 ተዘግቷል። ምግብ ቤቶቹ ግን በየከተማው በቻይናዊ ሰው ስም እየሆኑ የቀጠሉ ብዙ ናቸው። ወረቀት ላይ የተጻፈና መሬት ላይ ያለ ነገር መቼ ይገጥማል?

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ሰሜን ኮሪያ ጃንዋሪ 2020 ድንበሯን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ውጭ ያሉ ዜጎቿ እንዲገቡ የፈቀደችው ኦገስት 2023 ላይ ነው። በዚያ መሃል ውላቸው ያለቀባቸው ልጆች እንኳ መመለሻ አጥተው ቀሩ። ሦስት ዓመት ብላ የወጣች ልጅ ስድስት፣ ሰባት ዓመት እናቷን ሳታይ መኖር ማለት ነው። አንቺን ያነጋገረችሽ አዲስ የመጣች ትሁን የቆየች፣ እንዲህ ያለው ነገር ቤቱን የሚያውቅ ሁሉ ሳይሰማው አይቀርም።

ቤቶቹ የተከፈቱት የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ነው። ቻይና ውስጥ የቆዩ ናቸው፤ በ2002 ካምቦዲያ፣ ሲየም ሪያፕ ውስጥ ከፈቱ፤ ቀጥለው ፕኖም ፔን። በ2012 አምስተርዳም ድረስ ሄደው ነበር። ዱባይም፣ ያ የሀበሻ ምግብ ቤት እንደ አሸን የፈላበት ዴራ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ነበራቸው። ዋጋቸው ሁልጊዜ ከጎረቤቶቻቸው ጠንከር ይላል። ምክንያቱም የሚሸጠው ምግብ ብቻ አይደለም። የሚሸጠው «ሰሜን ኮሪያን አየሁ» የሚለው ወሬ ነው። አንቺም ስልክሽን ማንቆርቆሪያው ላይ ያስደገፍሽው ለዚያ ነው፤ ኑድሉን ለመቅረጽ አልነበረም።

አበባውን አስተውለሽው እንደሆነ አላውቅም። በብዙዎቹ ቤቶች ዘፈኑ ሲሞቅ እንግዳው አበባ ገዝቶ ለዘፋኟ ይሰጣል፣ ሂሳቡም ከእራቱ ጋር ይደመራል። አዝማሪ ግንባር ላይ ብር እንደመለጠፍ ያለ ነገር ነው። አዝማሪው ግን ብሩን ኪሱ ይከተዋል።

«ቢሆንም ለልጆቹ ይሻላቸዋል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ወደ ውጭ መላክ እዚያ አገር ዕድል ነው፤ ይወዳደሩበታል፤ ለቤተሰብም ትንሽ ነገር ይተርፋል፤ ሌላ አገር ያያሉ። ቤቱ ነገ ቢዘጋ ነፃ አይወጡም፤ ይመለሳሉ እንጂ። ስለዚህ አንቺ ባትሄጂ ልጅቱ ትድናለች ብዬ አልዋሽሽም። አትድንም። እኔ ብሆን ግን ደግሜ አልሄድም። እምቢ ማለት የማትችል ልጅ እየዘፈነችልኝ ጉርሻ አይወርድልኝም። ይሄ የእኔ ሆድ ነው። ያንቺ ሆድ ሌላ ቢል አልፈርድብሽም። ያንን ቀን መሄድሽን ደግሞ ጨርሶ በደል አላደርገውም። ጋባዥሽ መርጦ ወሰደሽ፣ ገባሽ፣ በላሽ። አለቀ።

ጎረቤትሽን በተመለከተ ብዙ አትገምቺ። ለእሷ ነገሩ ሁለት ሦስት መልክ አለው። ደቡብ ኮሪያዊ ከሰሜን ኮሪያ ሰው ጋር ለመገናኘት ለመንግሥቱ ማሳወቅ እንዳለበት ሕጋቸው ይላል። በፌብሩዋሪ 2016፣ ሰሜን ኮሪያ ኒውክሌር ሞክራ ሮኬት ባስወነጨፈች ማግስት፣ መንግሥታቸው «ውጭ አገር ያሉትን የሰሜን ኮሪያ ምግብ ቤቶች አትርገጡ» ብሎ ዜጎቹን መክሯል። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ደቡብ ኮሪያዊ ቱሪስት እየገባ ይበላ ነበር። አንዳንዶቹ ቤቶች ራሳቸው ደቡብ ኮሪያዊ መሆንሽን ሲያውቁ «ቦታ የለንም» ብለው ይመልሳሉ። እንግዲህ ዝም ያለችው ተናዳ ይሁን፣ ፈርታ ይሁን፣ ቀንታም ይሁን አታውቂም። አንቺ አራት ሰዓት እዚያ ቤት ብትቀመጪ የሚነካሽ የለም፤ እሷ በቋንቋቸው አፏን የፈታች ሆና እንደ ልቧ መግባት አትችልም። ምናልባት የሴት አያቷ ወንድም ከድንበሩ ማዶ ቀርቶ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቤተሰብ እዚያ ብዙ ነው። ቡና አፍልተሽ ጥሪያት። «ያን ዕለት ስነግርሽ ከፍቶሽ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያትና አዳምጪ። ይቅርታ አታብዢ፤ አንቺ የእሷን አገር አልከፈልሽም። የቪዲዮውን ነገር ግን ንገሪያት፤ እንዳጠፋሽውም።

አሁን አባትሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

«አንድ ሳህን ኑድል» የምትዪውን ነገር ለእሳቸው በፍጹም እንዳትደግሚው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሳው ኤፕሪል 1951 ነው፤ ሜይ ሳያልቅ ደቡብ ኮሪያ፣ ፑሳን ደርሶ ነበር። በየተራ ከዘመቱት ስድስት ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ውስጥ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። አንድም ሰው አልተማረከም፤ ዘማቾቹ እስከ ዛሬ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚናገሩት ይህንን ነው። አያትሽ ከእነዚህ አንዱ ናቸው።

ግን አንድ ነገር ገረመኝ። አያትሽ የተዋጉት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ብቻ አይደለም። ከቻይና ጦርም ጋር ነው። አንቺ የምትኖሪባት ሼንያንግ ደግሞ በዚያ ጦርነት የወደቁ የቻይና ወታደሮች የመቃብር ስፍራ ያለባት ከተማ ናት። ከ2014 ጀምሮ ደቡብ ኮሪያ መሬት ውስጥ የተገኘ የቻይና ወታደር አጽም በየዓመቱ በአውሮፕላን እዚያ እየመጣ ያርፋል። ቻይና ትምህርት ስትሄጂ አባትሽ «በአባቴ ደም» ብለው አልጮሁም። መርቀው ሳይሸኙሽ አይቀሩም። ታዲያ በምግብ ቤት ምን አነደዳቸው?

የእኔ ግምት እንዲህ ነው። የአባትሽ ቁስል ከ1951 የመጣ አይመስለኝም። ከደርግ ጊዜ የመጣ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ የቃኘው ሰዎች ኮሚኒስት የወጉ፣ የኢምፔሪያሊስት ሎሌ ተባሉ። ሜዳሊያቸውን የደበቁ አሉ፤ ኑሯቸው ያዘቀዘቀ አሉ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከያኔው የሰሜን ኮሪያ መሪ ከኪም ኢል ሱንግ ጋር ወዳጅ ሆኑ። በ1984፣ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ አዲስ አበባን ለማስጌጥ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጡ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት በእነሱ እገዛ የተሠራ ነው። በዚያ ሰሞን አባትሽ ተማሪ ነበሩ ብለሽ አስቢ። አባታቸው ያመጡት ሜዳሊያ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ አባታቸው የተዋጓቸው ሰዎች ደግሞ ከተማው መሃል ሐውልት ያቆማሉ። እሳቸው ምናልባት በዚያው ሐውልት ሥር ሰልፍ ወጥተው መፈክር አሰምተዋል። ያንን የዋጠ ልጅ ከስንት ዘመን በኋላ የልጁ ሳቅና የፒዮንግያንግ ዘፈን አብሮ ስልክ ላይ ሲመጣበት ቢጮህ አይገርመኝም።

ግምቴ ሊስት ይችላል። የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ልታስረጃቸው ሳይሆን ልትጠይቂያቸው የሚገባሽ። ስልክ መዝጋታቸውን ልክ ነው አልልም፤ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ላይ ስልክ አይዘጋም። ቢሆንም ታናሽ ነሽ፣ አንቺ ቅደሚ።

ቪዲዮውን ያሳየቻቸው አክስትሽ ናት አይደል? በእሷ በኩል ግቢ። ያመጣችውን ጣጣ እሷው ታሽማግለው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብራቸው ቁጭ ብላ በራሷ ስልክ ትደውልልሽ። ካልሆነም በቴሌግራም አጭር የድምፅ መልእክት ላኪ። እንዲህ በያቸው፦ «አባዬ፣ ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። አያቴ የስንተኛው ቃኘው እንደነበር ሳላውቅ ነው ያደግሁት። ንገረኝ።» ከዚህ አታስረዝሚው። ሦስተኛው ቃኘው ነበሩ ካሉሽ፣ በ1953 ፖርክ ቾፕ በሚባለው ኮረብታ ዙሪያ የነበረው ውጊያ ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም። ቹንቾን በምትባል የደቡብ ኮሪያ ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አለ፤ በ1968 ጃንሆይ ራሳቸው የተገኙበት። ከሼንያንግ ሴኡል በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቪዛውና ገንዘቡ የሚመች ከሆነ ከመመለስሽ በፊት ሄደሽ፣ እዚያ ቆመሽ ብትደውዪላቸው ያነሳሉ። ቪዲዮ መቅረጽም እዚያ አይከለከልም።

የቀረው የምርቃቱ እራት ነው።

ቻይና ውስጥ ጋባዥ የመረጠውን ቤት ፊት ለፊት «አልሄድም» ማለት ነውር ነው፤ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ፕሮፌሰሩ ዘንድ አትሂጂ። ቦታ የምትይዘው የላብ ታላቃችሁ ማን ናት? እሷን አሁኑኑ፣ ቦታው ሳይያዝ ያዣት። አያትሽ በኮሪያ ጦርነት ዘምተዋል ብለሽ ከጀመርሽ ግን በየት በኩል እንደዘመቱ ትጠይቅሻለች፤ የምርቃት ጠረጴዛ ላይ ያንን ወሬ አትፈልጊውም። «ባለፈው ዘፈኑ በዝቶ ማውራት አልቻልንም፤ እዚያው ሺታ ሌላ ቤት ብንሄድስ?» ካልሻት ይበቃል። ውሸትም አይደለም። ሺታ ውስጥ ኮሪያዊ ዘር ያላቸው ቻይናውያን የሚያስተዳድሯቸው የሥጋ ጥብስ ቤቶች ሞልተዋል። ያው ቀዝቃዛ ኑድል አለ፤ በረዶ በተንሳፈፈበት መረቅ ውስጥ፣ ግማሽ እንቁላልና የኪያር ቁራጭ ጣል ተደርጎበት፣ ኮምጣጤና ሰናፍጭ በላዩ። ያው ኪምቺ አለ። ዋጋውም ቀለል ይላል፣ ሳይዘፈንልሽ ትበያለሽ።

ቀድመው ይዘውት ከሆነ ደግሞ ሂጂ። ስለ አንድ እራት መምህርሽን አታስቀይሚ። ከመድረኩ ራቅ ያለ ወንበር ያዢ። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። አበባ ግዢ ቢሉሽ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ አመስግኚና ተዪው። ያቺን ልጅ ካየሻት ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ሰላም በያት፤ እሷ ካላወቀችሽ አንቺም እንዳላወቅሽ ሁኚ።

ሳህኑንም ሳትጠይቂ አትንኪ። እነዚህ ቤቶችና ሺታ ያሉት ሌሎቹም የውሻ ሥጋ ሾርባ የሚሸጡ አሉ፤ «ምንድነው ሥጋው?» ብለሽ ጠይቂ። ምርቃቱ ረቡዕ ወይ አርብ ከዋለ ደግሞ ቀዝቃዛው ኑድል አያዋጣሽም፣ መረቁ የከብት ነው። ሩዝና ኪምቺ ይቀርሻል። ኪምቺውም ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይ የሽሪምፕ ጨው ይገባበታል፤ እሱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።